ክረምትን በዛንዚባር፦ ከሆቴሉ በፊት የባሕሩን ሰዓት እዩ

አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ስትሰነብት ዛንዚባር ደረቅ ናት። የእኛ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበት ወቅትና የደሴቲቱ ምርጥ ወቅት እንዲህ ልክ ለልክ መግጠማቸው ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ትልቅ ዕድል ነው። ቀጥታ በረራው ሦስት ሰዓት አይሞላም (አንዳንዱ ኪሊማንጃሮ አርፎ ስለሚቀጥል ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ)፤ የሰዓት ለውጥም የለም። ሆኖም ከልጆች ጋር ሄዶ ቅር ብሎት የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሆቴሉ አይደለም። ፎቶው ላይ ሰማያዊ ሆኖ የታየው ባሕር፣ ቤተሰቡ ዋና ልብሱን ለብሶ ሲወርድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሸሽቶ ይገኛል።

ስለዚህ ግምገማችንን ከባሕሩ እንጀምር። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለትም በፓጄ፣ በጃምቢያኒና በማቴምዌ በኩል፣ ከአሸዋው ራቅ ብሎ የኮራል አለት እንደ ግድብ ተዘርግቷል። ከአለቱ ወዲህ ያለው ውኃ ጥልቀት የለውም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወለድበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። መሬቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ውኃው ሲጎድል ዝም ብሎ ዝቅ አይልም፤ ጥሎ ይሄዳል። በሰሜን ጫፍ ባሉት በኑንግዊና በኬንድዋ ግን ዳርቻው ቶሎ ስለሚጠልቅ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል።

ከሙላት ወደ ጉድለት ከስድስት ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ያለፈ ጊዜ ይወስዳል፤ በየቀኑም ወደ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ሰኞ ጠዋት 3፡00 ላይ የሞላ ባሕር ዓርብ የሚሞላው 6፡20 አካባቢ ነው ማለት ነው። የዛንዚባርን የባሕር ሙላት ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ ማግኘት ቀላል ነው፤ የምትሄዱበትን ሳምንት አውጥታችሁ ከምሳና ከሕፃናቱ የእንቅልፍ ሰዓት ጋር አስተያዩት። ምሥራቁን ከመረጣችሁና ቀኑ በእጃችሁ ከሆነ፣ ጨረቃ ግማሽ የምትሆንበትን ሰሞን ያዙ። ያን ጊዜ ልዩነቱ ስለሚያንስ ውኃው ያን ያህል አይርቅም።

ሰንጠረዡን ስታነቡ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ሰንጠረዡ የፈረንጅ ሰዓት ይጠቀማል፤ የደሴቲቱ ሰው ግን ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው። በስዋሂሊ «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ «ሳ ታቱ» 3 ሰዓት። አውሮፓውያኑን ግራ የሚያጋባው ይህ አቆጣጠር ለእኛ ቤታችን ነው። ችግር የሚመጣው በእንግሊዝኛ ስትቀጣጠሩ ነው፤ ሾፌሩ «ናይን» ሲላችሁ የቱን ማለቱ እንደሆነ «ጠዋት ነው ከሰዓት በኋላ?» ብላችሁ አስረግጡት።

አሁን የወቅቱን ነገር እንጨርስ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ደረቅ ወቅት ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ የሚነፍስበት ነው። ምሥራቁ ዳርቻ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል፤ ኬንድዋ ግን ወደ ምዕራብ ስለሚያይ የተከለለ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ካስካዚ የተባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሙቀቱ ይበረታል፣ በማቴምዌ በኩል ደግሞ የባሕር ሣር አሸዋው ላይ ይከመራል። የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት ዋጋውን ስለሚሰቅለው፣ ጥርን የሚመርጥ ቤተሰብ ከእኛ ገና በኋላ ቢሄድ ይሻለዋል። ፋሲካን ግን እዚያ አታስቡ። ፋሲካ መቼም ቢውል ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ ማሲካ የሚባለው ከባድ ዝናብም የሚወርደው ያኔ ነው። አንዳንድ ሆቴሎች ጭራሽ ይዘጋሉ፤ ክፍት የሆኑት ዋጋ የሚቀንሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

የትኛው ሰፈር ለየትኛው ቤተሰብ ይሆናል? ከስድስት ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ወይም ዋና የማይችሉ ሰዎች ከበዙ ምርጫችን ኬንድዋ ነው። አሸዋው ሰፊ፣ ውኃው የረጋ ነው፤ ትልልቆቹ ሪዞርቶችም ከነመዋኛቸው እዚያ አሉ። ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ዳርቻው ላይ እስከ ንጋት የሚዘልቅ የሙዚቃ ድግስ ይዘጋጃል፤ ቀኑን ጠይቃችሁ ወይ ሰሞኑን ዝለሉት ወይ ከድግሱ ራቅ ያለ ሆቴል ያዙ። ሁለተኛው፣ ልጆቹ ከሆቴሉ ሳይወጡ ይመለሳሉ፤ ታንዛኒያ ይሁን ቱርክ ሳይለዩ ማለት ነው። ኑንግዊ የባሰ ጫጫታ አለው። ጀልባ ይበዛል፣ አስጎብኚ ነን የሚሉ ወጣቶችም በየአምስት ደቂቃው ይመጣሉ። እዚያ ባሕሩ ሲሞላ አንዳንዱ ሆቴል ፊት ያለው አሸዋ ሙሉ በሙሉ ይሰወርና ውኃው ግንቡን ይመታል፤ በዚያ ሰዓት ለልጅ መጫወቻ የለም።

ልጆቹ ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመት ካለፉ ጃምቢያኒን አጥብቀን እንመክራለን። ረጅም መንደር ነው፤ እንግዳ ማረፊያዎቹ ትንንሽ፣ ምግቡ የቤት ምግብ ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽም ቀኑ አይባክንም። ውኃው ጥሎት በሄደው አሸዋ ላይ ሴቶች የባሕር አረም ያመርታሉ። ትንንሽ ካስማዎች አሸዋው ላይ ይተክላሉ፤ በካስማዎቹ መካከል ገመድ ይወጥራሉ፤ ገመዱ ላይ የአረሙን ጭራሮ በየስንዝሩ እያሰሩ ይሄዳሉ። እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው የሚያስሩበትን ፍጥነት ያየ ልጅ ቶሎ አይረሳውም። ሲደርስ በጆንያ ተሸክመው ያወጡታል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ ለመዋቢያና ለምግብ ኢንዱስትሪ ወደ ውጭ ይላካል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ገመዱን ረግጣችሁ አትለፉ። ልጆቹ ኮከብ ዓሣ ሲያገኙ ከውኃ አውጥተው ለፎቶ እንዳይዙት ንገሯቸው፤ ይሞታል።

እዚያው ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ጥቁር ረጃጅም እሾህ ያለው ፍጡር ይበዛል፤ በእንግሊዝኛ ሲ ኧርቺን የሚሉት ነው። ሲረገጥ እሾሁ እግር ውስጥ ይሰበራል፤ ለማውጣት መቆፈር ደግሞ ያባብሰዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው ወፍራም ሶል ያለው የውኃ ጫማ ከቤት ይዞ መሄድ። ሸበጥ ውኃ ውስጥ ይወልቃልና አይበቃም።

ፓጄ ውብ ነው፤ ነገር ግን ነፋስ በሚበረታባቸው ወራት የካይት ስፖርት፣ ማለትም ነፋስ በሚጎትተው ሸራ ሰሌዳ ላይ ቆሞ የመንሸራተት፣ ሠፈር ነው። የካይቱ ገመድ ተወጥሮ ውኃው ላይ ሲያልፍ ልጅ የሚዋኝበት ቦታ አይደለም። በክረምት ለቤተሰብ አንመክረውም።

ሪዞርት የምትይዙ ከሆነ ሂሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ጥያቄዎቻችሁን በኢሜይል ጽፋችሁ መልሱን በጽሑፍ ያዙ። «ፋሚሊ ሩም» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ አንዱ ሆቴል በውስጥ በር የተገናኙ ሁለት ክፍሎች ይላቸዋል፣ ሌላው አንድ ክፍል ውስጥ የሚዘረጋ ሶፋ ነው። የልጅ ዋጋ እስከ ስንት ዓመት እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ 12 ዓመት የሞላው ልጅ እንደ አዋቂ ይቆጠራል፣ ያ ደግሞ ሂሳቡን ከግምታችሁ በእጅጉ ያርቀዋል። የመዋኛው ጥልቀት በሴንቲ ሜትር ስንት ነው? አጥር አለው? ጠባቂ አለ? የአልጋው አጎበር የልጁንም አልጋ ይሸፍናል? ጭራሽ ልጅ የማይቀበሉ ሆቴሎችም ደሴቲቱ ላይ አሉ፤ ይህ በአንዳንድ የቦታ ማስያዣ ገጽ ላይ ከታች በትንሹ ይጻፋል።

ሁሉን ያካተተ የሚባለው ክፍያ የሚያዋጣው ቀኑን ሙሉ ሆቴሉ ውስጥ ለሚውል ቤተሰብ ነው። በየቀኑ መውጣት የምታስቡ ከሆነ ቁርስና እራት የያዘው ሃፍ ቦርድ ይበቃል። ከዋጋው ውጭ በነፍስ ወከፍ በየሌሊቱ የሚከፈል የመንግሥት ግብር አለ፤ አንዳንዱ ሆቴል ዋጋው ውስጥ ያስገባዋል፣ አንዳንዱ ስትወጡ ይጠይቃችኋል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ የነሐሴ ጉዞ ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል፤ ለሚጾም ቤተሰብ ግን ዛንዚባር ከብዙ አገር ትቀላለች። የደሴቲቱ ወጥ በኮኮናት ወተት ነው የሚሠራው። ማሃራጌ ያ ናዚ ባቄላ መሳይ አደንጓሬ በኮኮናት፣ ምቺቻ ጎመን መሰል ቅጠል፣ ዋሊ ዋ ናዚ በኮኮናት የተቀቀለ ሩዝ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው የሪዞርቱ ቡፌ ላይ ነው፤ ሾርባውም አትክልቱም ቅቤ ይነካዋል። አራት ቃል ይዛችሁ ሂዱ፦ «ቢላ ኛማ» ያለ ሥጋ፣ «ቢላ ማዚዋ» ያለ ወተት፣ «ቢላ ሲያጊ» ያለ ቅቤ፣ «ቢላ ማያይ» ያለ እንቁላል። ማንዳዚ የሚባለው ቦምቦሊኖ መሰል ጣፋጭ አንዳንዱ ወተት ስላለው ጠይቃችሁ ብሉ። ሥጋን በተመለከተ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ እርዱ የሙስሊም ነው፤ ይህ ለሙስሊም ቤተሰቦች ትልቅ ዕረፍት ነው፣ የክርስቲያን እርድ ብቻ የሚበሉ ደግሞ በዓሣና በአትክልት ሳይቸገሩ ይሰነብታሉ።

የባሕሩን ነገር እንዲህ ካስተካከላችሁ በኋላ፣ ጉዞውን ጉዞ የሚያደርገው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ፣ ስቶን ታውን፣ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ኑንግዊ ግን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ሁለት ሌሊት እዚህ አድሩና ከዚያ ወደ ባሕሩ ሂዱ። ባሕሩን ያስቀደመ ልጅ ወደ ከተማ ሲመጣ ያኮርፋል፤ ተገልብጦ ሲሆን ግን ሁሉም ይደሰታል።

በ2000 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ አሮጌ ከተማ ሐረር ጀጎልን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ቤቱ ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረ። የእንጨት በሮቹ ግን ሌላ ዓለም ናቸው፤ ከዳር እስከ ዳር የተቀረጹ፣ የናስ ጉጦች የተመቱባቸው። መኪና እስከ ማረፊያችሁ በር አይገባም፤ ሻንጣው በእጅ ጋሪ ነው የሚሄደው። አሮጌ ቤቶች ውስጥ ያሉ እንግዳ ማረፊያዎች ደረጃቸው ቀጥ ያለ ነው፣ የሰገነታቸው መከላከያ አጥርም ክፍተቱ ሰፊ ሊሆን ይችላል፤ ገና መሄድ የጀመረ ሕፃን ካላችሁ የታችኛውን ፎቅ ጠይቁ።

ለልጆች ቀላሉ ጉብኝት ቻንጉ ደሴት ነው። በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከሲሼልስ የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች አሉበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስር ቤት እንዲሆን የተሠራው ሕንፃ እስረኛ ሳይገባበት የበሽታ ለይቶ ማቆያ ነው የሆነው። ልጆቹ ቅጠል ያብሉ፣ ኤሊው ላይ ግን አይውጡ። ከከተማው ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ጆዛኒ ጫካ መንገድ ላይ ነው፤ ዛንዚባር ላይ ብቻ የሚገኘው ቀይ ኮሎበስ ጦጣ እዚያ ይታያል። ይህ ጦጣ ከሰል ይበላል፤ ከሚመገባቸው ቅጠሎች ውስጥ ያለውን መርዛማ ነገር ስለሚያረክስለት ነው ይባላል። ኪዚምካዚ ያለውን የዶልፊን ጉብኝት ግን አንመክርም፤ ብዙ ጀልባ ጥቂት እንስሳት ሲያሳድድ ማየት ለልጅ ጥሩ ትምህርት አይደለም።

የባሪያ ንግድ መታሰቢያው ለብቻው ይታሰብበት። ገበያው በ1873 እ.ኤ.አ. በስምምነት ተዘጋ፤ የአንግሊካን ካቴድራሉ የተሠራው በዚያው ቦታ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ አምስት ሰዎች ሐውልት አለ። ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ማየት አለበት ብለን እናምናለን፤ የእኛም ምድር ልጆች በቀይ ባሕር በኩል ተሸጠዋልና ታሪኩ የሩቅ አይደለም። ቀድማችሁ ቤት ውስጥ አስረዱት፤ ከጉብኝቱ በኋላ ለጥያቄው ጊዜ ተዉለት፣ ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ አትሩጡ። ከባሕሩ ፊት ለፊት ያለው ቤተ መንግሥት፣ በ1883 እ.ኤ.አ. የተሠራው ቤት አል አጃይብ፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በከፊል ስለፈረሰ ወደ ውስጥ እንገባለን ብላችሁ አትቁጠሩ።

የቅመም እርሻ ጉብኝት ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ እናቶችን የሚያስደስተው እሱ ነው። ሄል፣ ቀረፋ፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ በየተክላቸው ይታያሉ። ቅርንፉድ ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ዛፉ ላይ ግን ቀላ ብሎ፣ ለስላሳ ሆኖ፣ ጣት ላይ ሲሰበር ዘይት እያወጣ ሲገኝ ሌላ ነገር ነው። ከተቀጠፈ በኋላ ምንጣፍ ላይ ለቀናት ፀሐይ ይመታውና ጓዳችን ውስጥ የምናውቀውን ቡናማ መልክ ይይዛል። ለመግዛት ግን እርሻው በር ላይ አትቸኩሉ፤ ዳራጃኒ ገበያ ይረክሳል።

ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ውስጥ ምግብ ይሸጣል። ዓሣና ኦክቶፐስ የተሰካባቸው እንጨቶች ያምራሉ፤ ነገር ግን ቀድመው የበሰሉና ደጋግመው የሚሞቁ አሉበት። ዓይናችሁ እያየ ከጥሬው የሚጠበሰውን ምረጡ፣ ዋጋውን ሳትነኩ ተስማሙ። የሸንኮራ አገዳ ጭማቂው ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ይጨመቃል፤ ያለ በረዶ እዘዙት።

አለባበስን በተመለከተ መንደርና ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ ዋና ልብስ ባሕሩ ጋ ብቻ። የእኛ ነጠላ እዚያ በጣም ያገለግላል። ከልጆቹ ልብስ ጋር እጅጌ ረጅም የዋና ሹራብ ጨምሩ፤ የእኛ ቆዳ አይቃጠልም የሚለው ስህተት ነው፣ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ፀሐይ ልጅን ትኩሳት እስኪይዘው ያቃጥላል። ፌስታል ግን ቤት ተዉ፤ ታንዛኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፣ ከሻንጣ ሲገኝም ይወሰዳል።

ወረቀቱ ጊዜ ይፈልጋል። ቪዛውን በታንዛኒያ መንግሥት ድረ ገጽ ቀደም አድርጋችሁ አመልክቱ፤ ተራው ቪዛ 50 ዶላር ነው፣ የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙ ግን 100 ዶላር የሆነውን እንዲያወጡ ይገደዳሉ። አባት ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት፣ ልጆች አሜሪካዊ ከያዙ ሂሳቡ ለየብቻ ነው። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛንዚባር የራሷን የጉዞ መድን ግዴታ አድርጋለች፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ሌላ መድን ቢኖራችሁም አይተካውም። ኦፊሴላዊ መስለው ጭማሪ የሚጠይቁ ድረ ገጾች አሉና አድራሻውን አረጋግጡ። ከኢትዮጵያ ለሚነሣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ልጆቹን አንድ ወላጅ ብቻ የሚወስድ ከሆነ የሌላኛውን ስምምነት በሰነዶች ማረጋገጫ አጸድቃችሁ ያዙ። ብር እዚያ አይመነዘርም፤ ዶላራችሁ አዲስ እትም፣ ያልተቀደደና ያልተጻፈበት ይሁን።

በመጨረሻ ወባ። ደሴቲቱ ላይ ወባ ብዙ ቀንሷል፤ ጠፍቷል ማለት ግን አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ምንም ዓይነት የተፈጥሮ መከላከያ የለውም። ከመሄዳችሁ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪም አማክሩ፤ ከምሽት ጀምሮ ረጅም ልብስና የትንኝ ቅባት፣ ሌሊት አጎበር። ከተመለሳችሁ በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታት ልጅ ከተኮሰው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱትና ዛንዚባር እንደነበረ ሳትጠየቁ ተናገሩ፣ ደሙም ይመርመር።